ጀግና በመዳፍ ልክ፦ አነስተኛ የፋንታሲ ምስሎችን ስለ መሰብሰብና ስለ መመዘን

ዋርዱክ የተባለው ምስል ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የራስ ቁሩ በግራና በቀኝ ክንፍ አውጥቷል፤ ፊት ሊኖር በሚገባው ቦታ ጥቁር ጥላና ሁለት ቀይ ዓይኖች ብቻ አሉ። ከአካሉ ከፊሉ በጥሩር ተሸፍኗል፣ ከፊሉ ራቁቱን ነው። ኤል.ጄ.ኤን. የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች በ1983 ለገበያ ሲያወጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በካርቶኑ ላይ ከስሙ ጋር የሰፈረለት መግለጫ ሁለት ቃል ነበር፦ ክፉ ተዋጊ። በዚያው ዓመት በተጀመረ የቴሌቪዥን ካርቱን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ ጠፋ። የራሱ ፊልም፣ የራሱ ልብ ወለድ አልነበረውም። ያም ሆኖ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ ኩባንያዎች እንደገና ይሠሩታል፣ በልጅነቱ የያዘው ሰው መልኩን አይረሳውም። እንዲህ ያለ ዕድሜ ከየት አገኘ?

የሰብሳቢዎች ዓለም በለመደው አነጋገር ይህን መመለስ አይቻልም። በዚያ ዓለም ሁለት መለኪያዎች ገነው ይታያሉ። አንደኛው ይዞታ ነው፦ ምስሉ ሳይነካ ቆይቷል ወይ፣ መሣሪያው አብሮት አለ ወይ፣ ካርቶኑ ተከፍቷል ወይስ እንደታሸገ ነው። ሁለተኛው የመገጣጠሚያ ብዛት ነው፦ ክርኑ ይታጠፋል ወይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል ወይ። ሁለቱም ማወቅ የሚገባንን ነገር ይነግሩናል። ምስሉ ግን ጥሩ የቅርፃቅርፅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ አይነኩትም። እኔ የምሟገተው ትንሽ ምስል በትንሽነቱ እንዲመዘን ነው። ትንሽነት የቀራፂው ውሳኔ ነው፤ በዚያ ልክ ምን ተመርጦ ቀረ፣ ምን ተጣለ ብለን ካልጠየቅን ስለ ሥራው የምንናገረው ነገር ሁሉ ስለ ዋጋው ብቻ ይሆናል።

መጠኑ የራሱ ታሪክ አለው። ሃዝብሮ በ1964 ጂ.አይ. ጆን ሲያወጣ ምስሉ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ልብሱም እውነተኛ ጨርቅ። አክሽን ፊገር የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው፤ ወንድ ልጅ አሻንጉሊት እያለበሰና እያወለቀ አይጫወትም የሚለውን ስጋት ለማለፍ ሲባል። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ፕላስቲክም ተወደደ። በ1977 የስታር ዋርስ ፊልም ሲወጣ ፈቃዱን የያዘው የሲንሲናቲው ኬነር ምስሎቹን 3 ኢንች ከሦስት ሩብ አደረጋቸው፤ በእኛ መለኪያ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል። ለዚህ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት አሳማኝ ነው፦ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚሳፈርበት መንኮራኩር ቤት ሊያክል ነው፣ ማንም ወላጅ አይገዛውም። ሰውየው ሲያንስ ዓለሙ ወደ ሳሎን ገባ። ኬነር ለዚያ ዓመት የገና በዓል ምስሎቹን አላደረሰም ነበርና ለልጆች በስጦታ የተሸጠው ምስሎቹ በኋላ በፖስታ እንደሚመጡ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የያዘ ካርቶን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች በ1978 ደረሱ። አምስት መገጣጠሚያ ነበራቸው፤ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ።

ፋንታሲ ግን መንኮራኩር የለውም። ሰይፍና አስማት ያለበት ዓለም መጠኑን የሚወስንለት መርከብ ስለሌለው አምራቾች በሁለት መንገድ ሄዱ። ማቴል በ1982 ማስተርስ ኦቭ ዘ ዩኒቨርስን ሲያወጣ ትንሽነትን ተወው። ሂ-ማን 5 ኢንች ተኩል ሆኖ፣ ጡንቻው አብጦ፣ እግሮቹ ለመዝለል እንደተዘጋጀ ሰው ጉልበታቸው ታጥፎ መጣ፤ ታሪኩን የሚነግር ትንሽ የሥዕል መጽሔትም አብሮት ታሸገ። በዚያ ልክ ኃይል የሚገለጸው በግዝፈት ነው፤ የብረት ሞልድ ውድ በመሆኑም አንዱ ደረትና እግር ለብዙ ገጸ ባሕርያት አገለገለ። ፌከር የተባለው የሂ-ማን ሐሰተኛ አምሳያ የጀግናው አካል ሰማያዊ ተቀብቶ፣ የጠላቱን የደረት ጥሩር ለብሶ የተሠራ ነው። ይህን የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም፤ ፌከር ከቁጠባ የተወለደ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በትልቁ መጠን ገጸ ባሕርይ በቀለምና በራስ ቅርፅ ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል። በትንሹ መጠን ይህ አይሠራም። ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቀለም ይደበዝዛል፣ ፊት አይለይም፤ የሚቀረው የአካሉ ዳር መስመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኤል.ጄ.ኤን. ነው፤ በእኔ ግምት ከፋንታሲ ምስሎች ሁሉ ለጥናት የሚበጀውም እርሱ ነው። ምክንያቱን ለማየት ምስሎቹ ወደ ተቀዱበት የጠረጴዛ ጨዋታ ምንጭ መመለስ ያስፈልጋል። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 ሲታተም ከኋላው የነበረው በትናንሽ ምስሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ያወጣው ቼይንሜይል የተባለ የደንብ መጽሐፍ በመጨረሻው ክፍል ለጠንቋዮችና ለዘንዶዎች የሚሆን ጭማሪ ነበረው። ለዘንዶና ለአውሬ የሚሆን ምስል ግን በወቅቱ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በሆንግ ኮንግ ተሠርተው በርካሽ መደብር በከረጢት ከሚሸጡ፣ ምንነታቸው ከማይታወቅ የፕላስቲክ አውሬዎች መረጡ። ጀርባው እንደ ጋሻ የሆነ፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጋ፣ ከየትኛውም የተፈጥሮ መጽሐፍ የማይገኝ ፍጡር ነበረበት። ከእነዚያ ፕላስቲኮች ብረት የሚበላው ረስት ሞንስተርና የጉጉት ራስ ያለው ድብ፣ አውልቤር፣ ወጡ፤ ሁለቱም በ1975 በታተመው ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ታወቁ። ከመሬት ሥር እየቆፈረ የሚመጣው ቡሌት ደግሞ በ1976 በድራገን መጽሔት የመጀመሪያ እትም ቀረበ።

ይህ ታሪክ ሰብሳቢዎች እንደ ጨዋታ ማጣፈጫ የሚያወሩት ነው። ለእኔ ግን የዘርፉ ዋና ማስረጃ ነው። አሻንጉሊት ከታሪክ በኋላ የሚመጣ ሸቀጥ ነው ተብሎ ተለምዷል፤ ፊልሙ ይወጣል፣ ምስሉ ይከተላል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ስም የሌለው ርካሽ ፕላስቲክ ቀደመ፤ ስሙ፣ ባሕርዩ፣ የሚበላው፣ የሚኖርበት ዋሻ ከእርሱ ተቀዱ። ይህ ሊሆን የቻለው ደግሞ ምስሎቹ ግልጽ ስላልነበሩ ነው። ቀራፂው ዳር መስመሩን ሠርቶ ሌላውን ተወው፤ ባዶውን የሞሉት ተጫዋቾቹ ናቸው።

እንግዲህ ኤል.ጄ.ኤን. በ1983 ምስሎቹን ሲሠራ ጨዋታው ወደ ተወለደበት ቁስ መመለሱ ነበር። በዚያ ዓመት የተጀመረው ካርቱን ስድስት ልጆችን ዋና ባለታሪክ አድርጎ ሳለ ኩባንያው ልጆቹን ትቶ ሌሎች ገጸ ባሕርያትን መረጠ፦ ስትሮንግሃርት ደጉ ጻድቅ ፈረሰኛ፣ ሪንግለረን ደጉ አስማተኛ፣ ኬሌክ ክፉው ጠንቋይ፣ ዛራክ ክፉው ነፍሰ ገዳይ፣ ኤልክሆርን ደጉ ድንክ ተዋጊ። የእያንዳንዱ ማንነት በካርቶኑ ላይ ባሉ ሁለት ሦስት ቃላት ያልቃል። ለዋርዱክ ዕድሜ ምክንያቱ፣ እንደማምነው፣ ይኸው ነው። የተነገረው አጭር ስለሆነ የቀረው በሙሉ በአካሉ ላይ መታየት ነበረበት። የአካሉ አለመመጣጠን፣ ግማሹ ታጥቆ ግማሹ መራቆቱ፣ ይህ ሰው የማንም ሠራዊት አባል እንዳልሆነ ያሳብቃል። ፊቱ አለመታየቱ ደግሞ የመጠኑን ችግር የፈታ ውሳኔ ነው። በዚያ ዘመን ሩዝ በምታክል ፊት ላይ ዓይንና ከንፈር መቀባት የፋብሪካው ደካማ ጎን ነበር፤ ቀለሙ ትንሽ ከዘመመ ጀግናው ሸውራራ ይሆናል። የዋርዱክ ቀራፂ ፊትን አስወግዶ ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ አስቀረ። ከፋብሪካው ድክመት ጋር ከመታገል ይልቅ ድክመቱ የማይደርስበትን አካል ሠራ።

ቁመትም ሌላ ነገር ይናገራል። ኤልክሆርን ከሌሎቹ አጥሮ ተሠራ፤ ኦግር ኪንግና ታይታን የተባሉት ግዙፎች ጎልተው ወጡ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አንድ ሞልድ ለብዙ ምስል ማገልገል ትርፍ በሆነበት ኢንዱስትሪ ውስጥ ለድንኩ የራሱን አካል መስጠት ወጪ ነው። ስብስቡን በመደርደሪያ ላይ ያቆመ ሰው የሚያየው ከፍና ዝቅ የሚል የትከሻ መስመር የዚያ ወጪ ፍሬ ነው። አንድን ምስል ለብቻው አንሥቶ መመዘን ይህን ያሳጣል፤ ኤልክሆርን ብቻውን ሲቆም አጭር ምስል ነው፣ ከስትሮንግሃርት ጎን ሲቆም ድንክ ይሆናል። በ1984 የመጣው ሁለተኛ ዙር ይህን ጥንካሬ በከፊል አባከነው። ባትል-ማቲክ በተባለ ዘዴ ክንድን የሚያወናጭፍ ማንቀሳቀሻ ገባበት፤ ጀርባና ትከሻ ለመሣሪያው ተገዙ፣ አቋምም ደረቀ። ልጁ በጣቱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ምስሉ በራሱ እንዲያደርገው ማድረግ ለዚህ መጠን የማይስማማ ስሌት ነው።

ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው ሚቶሎጂ ውስጥ ስለ አሻንጉሊት የጻፈው አጭር መጣጥፍ ለዚህ ዘርፍ ከባድ ክስ ነው። የዘመኑ አሻንጉሊት የአዋቂውን ዓለም አሳንሶ የሚያቀርብ በመሆኑ ልጁን ፈጣሪ ሳይሆን ባለቤትና ተጠቃሚ ያደርገዋል ይላል፤ እንጨት ከእጅ ጋር እያረጀ ሲኖር ፕላስቲክ ግን ሙቀት የለውም ብሎ ያዝናል። ግማሹን እቀበላለሁ። በገጠራችን ልጅ ከጭቃ በሬና ሰው ሲሠራ ቅርፁም ታሪኩም የራሱ ነው፤ ከሱቅ የመጣ ጀግና ያን የመጀመሪያ እርምጃ ይነጥቀዋል። ቀሪውን ግማሽ ግን የአውልቤር ታሪክ ያፈርሰዋል። ርካሽ፣ ሙቀት የሌለው፣ በከረጢት የተሸጠ ፕላስቲክ ባለቤቶችን ሳይሆን ፈጣሪዎችን አፍርቷል። ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1962 ባወጣው የአረመኔ አስተሳሰብ በሚለው መጽሐፉ ስለ ትንሽ ሥራ የሰጠው ትንታኔ ይበልጥ ይረዳናል፦ ትልቅ ነገር ፊት ስንቆም ከክፍሎቹ ተነሥተን ወደ ሙሉው እንሄዳለን፣ ሲያንስ ግን ሙሉውን ባንድ ጊዜ እንይዘዋለን። ሱዛን ስቱዋርትም በ1984 ስለ ናፍቆት በጻፈችው ጥናት ትንሹን ነገር ከውስጣዊው ዓለም፣ ግዙፉን ከአደባባይ ጋር አያይዛዋለች። እኔ የማክልበት አንድ ነገር አለ፤ የአክሽን ፊገር ትንሽነት ለዓይን ብቻ አልተሠራም። ይጨበጣል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ ይራመዳል። ስለዚህ ክብደቱ፣ እግሩ የመቆም ችሎታው፣ መዳፉ ሰይፉን አጥብቆ መያዙ የውበቱ ክፍል ናቸው። ሰይፉን የማይዝ ተዋጊ፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ገበያው የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው። ከኬነር የመጀመሪያዎቹ ምስሎች አንዱ ጃዋ የተባለው ትንሽ ካባ ለባሽ ነበር። መጀመሪያ ካባው ከቪኒል የተቆረጠ ነበር፤ ኩባንያው ርካሽ መልክ እንዳለው አይቶ ብዙም ሳይቆይ በጨርቅ ለወጠው። ጨርቁ የተሻለ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ ካባ ይመስላል። ዛሬ ግን በብዙ እጥፍ የሚወደደው ቪኒሉ ነው፤ ጥቂት ብቻ ስለተሠራ። ሠሪው ራሱ ስህተት ብሎ የጣለው ነገር የስብስብ ዘውድ ሆነ፣ አስመሳዮችም ሐሰተኛ የቪኒል ካባ ይቆርጡለት ጀመር። ሮኬት የሚተኩሰው የኬነር ምስል፣ የቦባ ፌት፣ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የሌላ ኩባንያ ተተኳሽ አሻንጉሊት የልጅ ሕይወት ካጠፋ በኋላ ኬነር ዘዴውን ሰረዘው፤ ለሽያጭ ያልበቁት የሙከራ ናሙናዎች ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ በ2024 በሄሪቴጅ ጨረታ ቤት 525,000 ዶላር ተሸጠ። ይህ ገንዘብ ብርቅነትን ይለካል፤ ብርቅነት ደግሞ እውነተኛ ታሪካዊ ዋጋ አለው። የማልቀበለው ብርቅነት ጥራትን ሲተካ ነው።

ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ነገሩን አጥብቀውታል። ሰብሳቢዎች በመካከላቸው ከሲ-1 እስከ ሲ-10 የሚቆጥሩበት ልማድ ነበራቸው፤ በኋላ ኤ.ኤፍ.ኤ. የመሰሉ ተቋማት ምስሉን በጠንካራ ግልጽ ሣጥን ዘግተው ከ100 ነጥብ የሚሰጡበት አሠራር ተስፋፋ። ለሐሰተኛ ዕቃ መከላከያ መሆኑን አልክድም፤ ለገዢ ጥሩ ነው። ነጥቡ ግን የተሰጠው ለቀራፂው ሥራ አይደለም፤ ለካርቶኑ ጠርዝ፣ ለግልጽ ሽፋኑ፣ ለቀለሙ ንጽሕና ነው። መጥፎ ቅርፅ 95 ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሣጥኑ የሚገባው ቃል ኪዳን በኬሚስትሪ ፊት አይጸናም። ፒ.ቪ.ሲ. እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ቅመም በዓመታት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ምስሉ ይጣበቃል፤ ኤ.ቢ.ኤስ. በብርሃን ቢጫ ይሆናል፤ ከ1982 ጀምሮ የወጡትን ትናንሾቹን ጂ.አይ. ጆዎች ወገብ ላይ የሚያያይዘው የጎማ ቀለበት ይደርቅና ይበጠሳል። ፕላስቲክ ሳይለወጥ የሚኖር ቁስ አይደለም። ያረጃል፤ ሳይነካም ያረጃል።

የመገጣጠሚያ ብዛትን በተመለከተ ፍርዴ የተደባለቀ ነው። በሃዝብሮ ውስጥ የሠሩ ባለሙያዎች ያቋቋሙት ቦስ ፋይት ስቱዲዮ በ2014 በኪክስታርተር ገንዘብ አሰባስቦ ቪትሩቪያን ሃክስ የተባሉትን ምስሎች ጀመረ። መጠናቸው ወደ 4 ኢንች ይጠጋል፤ መጀመሪያ የግሪክ አፈ ታሪክ ጎርጎኖችና የስፓርታ ወታደሮች፣ ቀጥሎም ፈረሰኞች፣ ኦርኮች፣ ኤልፎችና አጽሞች መጡ። የኬነር ምስል አምስት ቦታ በሚንቀሳቀስበት ልክ እነዚህ በክርን፣ በጉልበት፣ በአንጓ፣ በቁርጭምጭሚት ይታጠፋሉ። ዋናው ስኬታቸው ግን እርሱ አይደለም። ክፍሎቹ ይፈታሉ፣ ከሌላው ጋር ይገጥማሉ፤ ሰብሳቢው የአንዱን ራስ በሌላው ደረት ላይ አድርጎ ማንም ያልሸጠለትን ሰው ይሠራል። የባርትን ክስ በተግባር የመለሰ ሥራ ካለ ይህ ነው። ዋጋው ደግሞ በአካሉ ላይ ይታያል፤ በትንሽ ክንድ ላይ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጡንቻውን የሚሰነጥቅ መስመር ነው፣ የቀጠነ አንጓም ከእጅ ኃይል ጋር አይችልም። የእባብ ጅራት ያላቸው ጎርጎኖች በእኔ ዓይን ከስብስቡ የተሻሉት ናቸው፤ ረጅሙ ጅራት ለዓይን የሚያርፍበት መስመር ይሰጠዋልና።

ኔካ የተባለው ኩባንያ ዋርዱክን፣ ስትሮንግሃርትንና ኤልክሆርንን በ7 ኢንች መጠን እንደገና ሲሠራቸው ጥያቄው ከሁሉ ይበልጥ ጠራ። ጥሩሩ ላይ ዝገት፣ ቆዳው ላይ ጅማት፣ ጨርቁ ላይ ስፌት ተጨመረ። የተዋጣለት የእጅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የትንሹ ዋርዱክ ግማሽ መራቆት ምስጢር ነበር፤ እዚህ በዝርዝር ሲገለጽ የልብስ ዲዛይን ሆነ። 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ አካል በሁለት ጣት ተይዞ አይራመድም፤ ቆሞ ይታያል። ከመደርደሪያ ጌጥነት አልፎ ተጫዋች የሚጠይቅ ነገር የለውም፤ መልሱን ሁሉ ይዞ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ወደ አያያዝ ጥያቄ ይወስደናል። በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር የሚገኘው የዘ ስትሮንግ ሙዚየም ብሔራዊ የአሻንጉሊት ክብር አዳራሽ የስታር ዋርስ ምስሎችን በ2012፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን በ2016፣ ማስተርስ ኦቭ ዘ ዩኒቨርስን በ2022 ተቀብሏል። ዘርፉ የጥናት ክብር ማግኘቱ ደስ ያሰኛል። የሚቀጥለው ሥራ መግለጫውን ማበልጸግ ነው። ካታሎግ ብዙ ጊዜ ጭረትን በጉድለት መዝገብ ይጽፈዋል። በዋርዱክ መዳፍ ውስጥ ያለው የተፋቀ ቀለም ግን ሰይፉ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደገባ ያሳያል፤ የአንድ እግር መላላት ልጁ በየትኛው በኩል ይይዘው እንደነበር ይጠቁማል። ይህ የአጠቃቀም ማስረጃ ነው፤ ያልተከፈተ ካርቶን ሊሰጠው የማይችለው መረጃ። ሁለቱም መሰብሰብ አለባቸው፣ በተለያየ ዓምድ።

የጠፋ መሣሪያን በተመለከተም አቋም መያዝ ያስፈልጋል። ለእነዚህ ምስሎች አዲስ የተቀዱ ሰይፎችና ጋሻዎች ይሸጣሉ፤ አንዳንድ ሰብሳቢ እንደ ማጭበርበር ያያቸዋል፣ ሌላው ሳይናገር ያስይዛቸዋል። እኔ ከላይ እንዳልኩት መጨበጥ የምስሉ ክፍል ከሆነ ባዶ መዳፍ ያለው ተዋጊ ሥራው ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ስለዚህ ቅጂው ይያዝለት። ሰይፉ ግን ከእጀታው ሥር፣ መዳፉ በሚሸፍነው ቦታ፣ ቅጂ መሆኑን የሚናገር ምልክት ይቀረጽበት፤ ሲሸጥም ሲወረስም ተነቅሎ ይታይ። የሚቀዱት ሰዎች ይህን ምልክት በሞልዱ ላይ ቢያስገቡት ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።